የጎማ ዳክዬ፤ ከፋብሪካ እስከ ሳፋ

ቱሉ ዲምቱ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የምትገኝ ሠፈር ናት። ስሟ በኦሮምኛ «ቀይ ኮረብታ» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ለአገልግሎት የበቃው የአዲስ አበባ - አዳማ የፍጥነት መንገድ የሚነሣው ከዚሁ ነው። ከጅቡቲ ወደብ የሚመጣው የውጭ ሸቀጥ በዚህ አቅጣጫ ወደ መዲናይቱ ይገባል። ከሸቀጡ ጋር የሕፃናት መጫወቻም ይመጣል። ከመጫወቻዎቹም መካከል በዓለም ዙሪያ ስሟ የገነነው ቢጫዋ የመታጠቢያ ዳክዬ ናት።

የዳክዬዋ ታሪክ የሚጀምረው ከጎማ ነው። ጥሬ ጎማ በሙቀት የሚለሰልስ፣ በብርድ የሚደርቅ በመሆኑ ለብዙ ሥራ አይመችም ነበር። አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 ጎማን ከድኝ ጋር አዋሕዶ በማሞቅ ይህን ጠባዩን ለወጠው፤ በ1844ም የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ከዚያ ወዲህ በእንስሳት አምሳል የጎማ መጫወቻዎች ይሠሩ ጀመር። ይሁን እንጂ የመጀመሪያዎቹ ዳክዬዎች ድፍንና ከባድ ስለ ነበሩ ሕፃናት ያኝኳቸው ነበር እንጂ በውኃ ላይ አይንሳፈፉም ነበር።

ዛሬ ለምናውቃት ቅርጽ መንገድ ከጠረጉት አንዱ ከሩሲያ ግዛት ወደ አሜሪካ የተሰደደው ቀራፂ ፒተር ጋኒን ነው። ጋኒን እ.ኤ.አ. በ1949 የማትገለበጥ ዳክዬ ንድፍ በስሙ አስመዘገበ። ከ50 ሚሊዮን በላይ እንደ ተሸጠችም ይነገራል። ጎማው በፕላስቲክ ሲተካ ደግሞ ዋጋዋ ረከሰ። እ.ኤ.አ. በ1970 «ሰሰሚ ስትሪት» በተባለው የሕፃናት የቴሌቪዥን ዝግጅት ስለ እርሷ በተዘፈነ ጊዜ ዝናዋ ከዳር እስከ ዳር ናኘ።

እ.ኤ.አ. በጥር 1992 ከሆንግ ኮንግ ወደ አሜሪካ ይጓዝ ከነበረ መርከብ ላይ ኮንቴይነሮች በማዕበል ተጠርገው ወደ ሰላማዊ ውቅያኖስ ወደቁ። በአንደኛው ውስጥ 28,800 የመታጠቢያ መጫወቻዎች ነበሩ፤ ዳክዬዎች፣ ኤሊዎች፣ እንቁራሪቶችና ቢቨሮች። ቀዳዳ ስላልነበራቸው አልሰመጡም። በዚያው ዓመት መጨረሻ አንዳንዶቹ በአላስካ ዳርቻ ተገኙ። የውቅያኖስ ተመራማሪዎችም የተገኙበትን ቦታና ጊዜ እየመዘገቡ የባሕሩን ሞገድ ጉዞ ለማጥናት ተጠቀሙባቸው።

ቀዳዳ ያላት ዳክዬ ግን ሌላ ጣጣ አላት። ሕፃኑ ጨምቆ ሲለቃት ውኃ ትስባለች፤ ውኃውም በሆዷ ውስጥ ይቀራል። የስዊዘርላንድና የአሜሪካ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት፣ በአገልግሎት ላይ የቆዩ የመታጠቢያ መጫወቻዎች ውስጣቸው በባክቴሪያ፣ ብዙዎቹም በሻጋታ ተሸፍኖ መገኘቱን ገልጠዋል። ፕላስቲኩ የሚለቀው ንጥረ ነገርም ለነዚህ ጥቃቅን ሕያዋን ምግብ ይሆናል።

የአገራችን ልጅ ከጥንት ጀምሮ ከጭቃ በሬ፣ ከጨርቅ ኳስ፣ ከሽቦ መኪና እየሠራ ሲጫወት ኖሯል። እነዚህ መጫወቻዎች የሚሹት የልጁን እጅ ነው። ዳክዬዋ ግን የምትሻው ውኃ ነው። የተፈጠረችውም ገንዳ ሞልቶ መታጠብ ለተለመደበት ቤት ነው። በአንጻሩ የአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች ለመዲናይቱ ውኃ ቢመግቡም በብዙ ሠፈሮች ውኃ የሚገኘው በፈረቃ ነው። እናት ልጇን የምታጥበው በጀሪካን ካጠራቀመችው ቀድታ በሳፋ ነው፤ እጣቢውም ወለል ይታጠብበታል። ደግነቱ ዳክዬዋ ለመንሳፈፍ ጥልቅ ውኃ አያሻትም። ልጁ ታጥቦ ሲወጣ ግን ሆዷን ጨምቆ ማፍሰስና ማድረቅ ይገባል፤ የቀረው ውኃ ለርሷም ለልጁም አይበጅምና።