ዳታቤዝ መሥራት ለጀመራችሁ ፦ ደጋግመው የሚነሱ 8 ጥያቄዎች

የቴሌግራም ቦት ሥሩ፣ የሱቅ ድረገጽ ሥሩ፣ የዕቁብ መመዝገቢያ አፕ ሥሩ ... ከጀርባው ዳታቤዝ አለ። እዛ ውስጥ የሚቀመጠው ደግሞ በአብዛኛው የናንተ ሳይሆን የሰው ስም፣ የሰው ስልክ ቁጥር፣ የሰው አድራሻ ነው።

ዳታቤዝ የሚዘረፈው ፊልም ላይ እንደምናየው በረቀቀ ጠላፊ ብቻ አይደለም። በዓለም ስማቸው የሚነሳ ትልልቅ ስርቆቶች ጭምር የተፈጸሙት በጣም በታወቀና ጀማሪም ሊዘጋው በሚችል ቀዳዳ ነው። ስለዚህ አጠቃቀሙንና ጥበቃውን አብራችሁ ተማሩት።

1️⃣ ሪሌሽናል ዳታቤዝ ሲባል ምን ማለት ነው ?

መረጃን እርስ በርስ በሚገናኙ ሰንጠረዦች የሚያስቀምጥ ሥርዓት ነው። የልብስ ሱቅ አላችሁ እንበል። አንዱ ሰንጠረዥ "ደንበኞች" ነው ፤ እያንዳንዱ መስመር የአንድ ደንበኛ መለያ ቁጥር፣ ስምና ስልክ ይይዛል። ሌላኛው "ትዕዛዞች" ነው ፤ እዚህ ስምና ስልክ አይደገምም፣ የደንበኛው መለያ ቁጥር ብቻ ይገባል። ደንበኛው ስልክ ቢቀይር አንድ ቦታ ላይ ታስተካክላላችሁ፣ አለቀ።

ሐሳቡን እ.ኤ.አ በ1970 ያቀረበው የአይቢኤም ተመራማሪ የነበረው ኤድጋር ኮድ ነው። ዳታቤዙን የምናዝበት ቋንቋ ኤስኪውኤል ይባላል።

2️⃣ ኤክሴል እያለ ለምን እለፋለሁ ?

ለ20 ደንበኛ ኤክሴል ይበቃል። ችግሩ የሚመጣው ብዙ ሰው በአንዴ ሲጽፍበትና ገንዘብ ሲገባበት ነው። ከአንዱ ሒሳብ 500 ብር ቀንሶ ሌላው ላይ ለመጨመር ሁለት እርምጃ ያስፈልጋል። ከመጀመሪያው እርምጃ በኋላ መብራት ቢጠፋስ ? 500 ብሩ የት ገባ ?

ዳታቤዝ ላይ ሁለቱን እርምጃዎች "ትራንዛክሽን" በሚባል አንድ ጥቅል ማሰር ይቻላል። ወይ ሁለቱም ይፈጸማሉ፣ ወይ ሁለቱም እንዳልነበሩ ይሆናሉ። ግማሽ ብሎ ነገር የለም።

3️⃣ በየትኛው ልጀምር ?

👉 ኤስኪውኤላይት ፦ ሰርቨር አይፈልግም፣ ዳታቤዙ አንድ ፋይል ነው። አሁን በያዛችሁት ስልክ ውስጥም አለ። አንድሮይድም አይፎንም ይጠቀሙበታል። የዋትስአፕ መልዕክታችሁ ስልካችሁ ላይ የሚቀመጠው በዚሁ ነው። ለመለማመድ ምርጥ ነው።
👉 ማይኤስኪውኤል እና ማሪያዲቢ ፦ ወንድማማች ናቸው። ዎርድፕረስ የሚሠራው በነዚህ ነው፣ ርካሽ ሆስቲንግ ላይም በቀላሉ ይገኛሉ።
👉 ፖስትግሬስኪውኤል ፦ ሥራው እየሰፋና እየተወሳሰበ ሲመጣ ብዙዎች የሚመርጡት።

ሁሉንም በነፃ ማውረድ ይቻላል። አንዱን በደንብ ከቻላችሁ ወደ ሌላው መሻገር አይከብድም።

4️⃣ "ሩት" በሚባለው አካውንት ብሠራ ምን ችግር አለው ?

ሩት ማለት የግቢውን ቁልፍ በሙሉ የያዘ ሰው ማለት ነው። ቦቱ የሚሠራው ትዕዛዝ መመዝገብና ማንበብ ብቻ ከሆነ ሰንጠረዥ የማጥፋት ሥልጣን ለምን ይሰጠዋል ? ለቦቱ ለብቻው አካውንት ክፈቱለት፣ የሚያስፈልገውን ፈቃድ ብቻ ስጡት። ነገ አንድ ሰው በቦቱ በኩል ሰብሮ ቢገባ ጉዳቱ እዛው ይገደባል።

ሌላው ነገር ፓስወርዱ ነው። ኮድ ውስጥ ጽፋችሁ ጊትሃብ ላይ አትልቀቁት። ለቃችሁት ከሆነ ማጥፋቱ ብቻ አይበቃም፣ የድሮው ቅጂ ታሪኩ ውስጥ ይቀራል። ወዲያው ፓስወርዱን ቀይሩት።

5️⃣ ኤስኪውኤል ኢንጀክሽን ምንድነው ?

ተጠቃሚው የጻፈውን እንዳለ ከኤስኪውኤል ትዕዛዝ ጋር ስትገጣጥሙት የሚፈጠር ቀዳዳ ነው። ፎርሙ "ስልክ ቁጥር ያስገቡ" ይላል። አንዱ ግን በስልክ ቁጥር ፈንታ የጥቅስ ምልክት አስቀድሞ "ወይም 1 ከ1 ጋር እኩል ከሆነ" የሚል ትርጉም ያለው ትዕዛዝ ይከትበታል። ዳታቤዙ የቱ የናንተ ትዕዛዝ፣ የቱ የተጠቃሚው ጽሑፍ እንደሆነ አይለይም። 1 ደግሞ ሁሌም ከ1 ጋር እኩል ነው። የሁሉንም ደንበኛ መረጃ ዘርግፎ ይሰጠዋል ማለት ነው።

መፍትሔው "ፕሪፔርድ ስቴትመንት" ይባላል። ትዕዛዙን ክፍት ቦታ ትታችሁ ቀድማችሁ ትልካላችሁ፣ የተጠቃሚውን ጽሑፍ ለብቻው ታስከትላላችሁ። ያኔ የገባው ነገር ምንም ይሁን ምን እንደ ጽሑፍ ብቻ ይታያል። ፒኤችፒም ፓይተንም ይህንን ይዘው ነው የሚመጡት። የጥቅስ ምልክት በእጅ እየለቀሙ ማጥፋት ግን አስተማማኝ አይደለም።

"ይሄ እኮ የድሮ ነገር ነው" የምትሉ ካላችሁ ፦ የእንግሊዙ የቴሌኮም ኩባንያ ቶክቶክ እ.ኤ.አ በ2015 በዚሁ ዘዴ ተጠቅቶ የ156,959 ደንበኞቹ የግል መረጃ ተወስዷል። ሶፍትዌሩ ላይ ለነበረው ክፍተት ማስተካከያ ከወጣ 3 ዓመት ተኩል አልፎት ነበር፣ ኩባንያው ግን አላዘመነውም። የአገሪቱ የመረጃ ጥበቃ ተቆጣጣሪ 400 ሺህ ፓውንድ ቀጥቶታል።

6️⃣ የተጠቃሚዎችን ፓስወርድ እንዴት ላስቀምጥ ?

እንዳለ በፍጹም አታስቀምጡት ! ሮክዩ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ በ2009 ሲጠለፍ ከ32 ሚሊዮን በላይ ፓስወርዶች ምንም ሳይመሰጠሩ በግልጽ ተገኝተዋል። ሰው አንድ ፓስወርድ ለኢሜይሉም ለፌስቡኩም ስለሚጠቀም የናንተ አፕ ሲሰረቅ ሌላውም በር ይከፈታል።

ፓስወርድ "ሃሽ" ተደርጎ ነው የሚቀመጠው። ሃሽ ወደ ኋላ ተመልሶ የማይነበብ የተለወጠ ጽሑፍ ነው። ለዚሁ የተሠሩትን ቢክሪፕት ወይም አርጎን 2 ተጠቀሙ፣ የራሳችሁን ዘዴ አትፍጠሩ።

7️⃣ ዳታቤዙን ከቤቴ ሆኜ እንድገባበት ለኢንተርኔት ክፍት ላድርገው ?

አታድርጉት። ማይኤስኪውኤል ካልተቀየረ በቀር ፖርት 3306 ላይ፣ ፖስትግሬስኪውኤል 5432 ላይ እንደሚገኙ ማንም ያውቃል። ኢንተርኔቱን ሌት ተቀን እየዞሩ ክፍት በር የሚፈልጉ ፕሮግራሞች አሉ። "የኔን ትንሽ ሱቅ ማን ያውቀዋል" አይሠራም፣ ፕሮግራሙ የሱቁን ስም አይጠይቅም። ዳታቤዙ እዛው ሰርቨር ላይ ካለው አፕ ብቻ ጥሪ እንዲቀበል አድርጉት፣ ፖርቱን በፋየርዎል ዝጉት። ከሩቅ መግባት ካስፈለጋችሁ በቪፒኤን ወይም በኤስኤስኤች ግቡ።

8️⃣ በስህተት ባጠፋውስ ?

"ዲሊት" ብላችሁ "ዌር" የሚለውን ከረሳችሁ አንድ መስመር ሳይሆን ሰንጠረዡ ውስጥ ያለው በሙሉ ይጠፋል። ከማጥፋታችሁ በፊት ያንኑ "ዌር" በ"ሴሌክት" ሞክሩትና ስንት መስመር እንደሚነካ እዩ።

ከሁሉም በላይ ግን ባክአፕ ! እ.ኤ.አ ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 የጊትላብ ሠራተኛ ሌላ ሰርቨር ላይ ያለ መስሎት የዋናውን ዳታቤዝ ፋይሎች አጠፋ። ድርጅቱ 5 ዓይነት የመጠባበቂያ ዘዴ ነበረው፣ አንዱም በሚያስተማምን ሁኔታ አልሠራም። ያዳነው 6 ሰዓት ገደማ ቀደም ብሎ በእጅ የተወሰደ ቅጂ ነው። የነዚያ ሰዓታት መረጃ ግን ጠፋ።

ትምህርቱ ፦ መልሳችሁ ከፍታችሁ ያልሞከራችሁት ባክአፕ ባክአፕ ነው ብላችሁ አትተማመኑበት። ቅጂው ከሰርቨሩ ውጭ ሌላ ቦታም ይቀመጥ።

⚖️ ሕጉንም እወቁት

ኢትዮጵያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት። የሰው መረጃ መሰብሰብ ኃላፊነት ያመጣል፣ ስለዚህ የማያስፈልጋችሁን አትሰብስቡ። ልብስ ለመሸጥ የትውልድ ቀን ምን ይሠራል ? የሌለ መረጃ አይሰረቅም።

ኢንጀክሽንን ደግሞ በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ተለማመዱ። ያለ ፈቃድ የሰው ሲስተም ውስጥ መግባት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስጠይቃል። "ለመሞከር ነው" ማለት አያድንም።

📌 ሥራችሁን ከመልቀቃችሁ በፊት

✅ አፑ በሩት አይገባም
✅ ፓስወርድ ኮድ ውስጥ የለም
✅ የተጠቃሚ ጽሑፍ በፕሪፔርድ ስቴትመንት ያልፋል
✅ የተጠቃሚ ፓስወርድ ሃሽ ሆኗል
✅ ፖርቱ ለኢንተርኔት ዝግ ነው
✅ ሶፍትዌሩ ዘምኗል
✅ ባክአፑ ተከፍቶ ተሞክሯል

ከነዚህ አንዱ ከጎደለ አፑን ዛሬ አትልቀቁት። ሴቭ አድርጉት፣ ኮዲንግ ለጀመረ ጓደኛችሁም ላኩለት።