ከአብሾ እስከ ጫት፦ የተማሪ ጭንቀትና መላው በታሪክ

የትምህርት ጭንቀት ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው የዩኒቨርሲቲ ግቢን ነው። ሆኖም በመርሐቤቴ፣ በመንዝና በግሼ ደጋዎች ተማሪና ጭንቀት የተዋወቁት ዩኒቨርሲቲ ከመከፈቱ ብዙ ዘመን በፊት ነበር። ከዓለም ከተማ ወደ ጀማ ሸለቆ ወርዶ በለሚ በኩል የሚወጣው መንገድ መኪና ከማየቱ በፊት፣ በእነዚህ አምባዎች መምህር ፍለጋ ይመላለስ የነበረው ደበሎ የለበሰ፣ አኮፋዳ ያነገተና ለውሻ መከላከያ በትር የያዘ የቆሎ ተማሪ ነበር። ይህ ተማሪ የጥናቱን ሸክም በምን ተቋቋመው? ከመላዎቹ ውስጥ የትኛው ረዳው፣ የትኛውስ ጎዳው? ጥያቄው ለታሪክ ፍቅር ብቻ የሚነሣ አይደለም፤ ዛሬ ራስ ምታትና እንቅልፍ ማጣት ይዞ ወደ ጤና ተቋም የሚመጣውን ተማሪ ለመረዳት ያግዛል።

ሸክሙ ቀላል አልነበረም። ዳዊት የደገመ ልጅ ዜማ ቤት ገብቶ ድጓንና ጾመ ድጓን ለመማር ዓመታት ይፈጅበታል፤ ከዚያም ቅኔ፣ ከቅኔ በኋላም የመጻሕፍት ትርጓሜ ይጠብቀዋል። የብራና መጽሐፍ ለሁሉም ስለማይዳረስ አብዛኛው ትምህርት በቃል የሚያዝ ነው። ቀን «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ቁራሽ ይለምናል፤ ማታ በጠባብ ጎጆ ከጓደኞቹ ጋር ተጠጋግቶ ያድራል። ቅማል የሚያስተላልፋቸው ተስቦና ግርሻ ትኩሳት እንዲሁም እከክ እንዲህ ካለው ጎጆ የማይጠፉበት ምክንያት ለጤና ባለሙያ ማብራሪያ አያሻውም። ታናሽ ተማሪ ከኮበለለም በእግር ብረት ታስሮ የሚማርበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ የድሮውን ትምህርት ቤት የሰላም ገነት አድርጎ ማቅረብ ታሪክን ማስዋብ ይሆናል።

ይህም ሆኖ የቅኔ ቤትን አሠራር ቀረብ ብሎ ለተመለከተው፣ ዛሬ የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች ከሚመክሩት ብዙም የማይርቅ ሥርዓት ያገኛል። መምህሩ አብነት የሚሆነውን ቅኔ ይሰጣሉ። ተማሪው ወደ ጫካ ወይም ወደ ወንዝ ዳር ወጥቶ፣ ጸጥ ባለ ስፍራ ብቻውን እያወጣና እያወረደ የራሱን ያዘጋጃል፤ ይህ ቆጠራ ይባላል። የቆጠረውን ይዞ ተመልሶ ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ያቀርባል፤ ይህም ነገራ ነው። ስሕተቱ እዚያው ይታረማል፣ በማግሥቱም እንደገና ይወጣል። ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ተነሥቶ መወድስ እስኪደርስ ድረስ የሚጓዘው በራሱ እርምጃ ነው። አንዱ በወራት የሚያልፈውን ደረጃ ሌላው ዓመት ቢቆይበት ከጉባኤው የሚያስወጣው ደንብ የለም። በቅኔ ቤት የወደቀ የሚባል ተማሪ የለም፤ ያለው ገና ያልደረሰ ነው። ከአንዱ መምህር ጋር ያልተስማማው ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ብዙ መምህራን መጎብኘትም ሞያ እንጂ ነውር አይደለም። ነባሩ ተማሪ አዲሱን ያስጠናል፣ የተለመነውም ቁራሽ በጋራ ይበላል። በእኔ ግምት ተማሪውን ያቆመው የሸክሙ ማነስ ሳይሆን እነዚህ ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ቀነ ቀጠሮ አለመኖሩና ብቻውን አለመሆኑ።

ሁሉም ግን በዚህ አልረካም። ትምህርቱን በአቋራጭ ለማስገባት የተፈለገው መድኃኒት አብሾ ይባላል። አእምሮን ይከፍታል፣ የሰሙትን እንዳይረሱ ያደርጋል ተብሎ የሚጠጣው ይህ መድኃኒት በአብዛኛው የሚዘጋጀው አስተናግር ወይም አጤ ፋሪስ ከምንለው ተክል ነው፤ በሳይንሳዊ ስሙ ዳቱራ ስትራሞኒየም። ዛሬም ጥቂት ጠጥቶ የሚያብድ ሰው «አብሾ አለበት» ይባላል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ይሏል። አንደኛው፣ ተክሉ መነሻው የአሜሪካ ምድር እንደሆነ የዕፅዋት ሊቃውንት ስለሚናገሩ፣ በዚህ ተክል የሚዘጋጀው አብሾ ከጥንት ከአክሱም ዘመን የወረደ ነው የሚለውን ወሬ በጥንቃቄ መቀበል ይገባል። ሁለተኛውና ለእኛ ሙያ የቀረበው የሚገርም ነው። በተክሉ ውስጥ ያሉት አትሮፒንና ስኮፖላሚን የአሴቲልኮሊንን ሥራ የሚያግዱ ናቸው፤ ስኮፖላሚን ደግሞ አዲስ ትውስታ እንዳይቀረጽ ያደርጋል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጀርመን አገር በፍራይቡርግ ከተማ ሐኪሞች ከሞርፊን ጋር ለወላዶች ይሰጡት የነበረው እናቲቱ ምጧን እንዳታስታውስ ነበር። የመርሳት መድኃኒት የሆነውን የእኛ ተማሪ ላለመርሳት ጠጣው ማለት ነው።

ታዲያ ለምን ጸና? ምናልባት በተመረዘ ጊዜ የሚታየው ቅዠትና መለፍለፍ የተከፈተ አእምሮ ምልክት መስሎ ስለታየ ይሆናል። ምናልባትም ጠጥተው የተረፉትና የተማሩት ሲታወሱ፣ በዚያው የቀሩት «ትምህርት አዞረው» ተብለው ስለታለፉ ይሆናል። «በትምህርት ብዛት አበደ» የሚለውን የሕዝብ ምርመራ ስንሰማ አብሾንም ማሰብ ያለብን ለዚህ ነው።

ዘመናዊው ትምህርት ወደ አገራችን ይዞ የመጣው አዲስ ዕውቀት ብቻ አልነበረም፤ ሰዓትና ቀን የተቆረጠለት ፈተናም ይዞ መጣ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም.፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምሩ ከደጋ መንደር ወጥቶ ማትሪክ ያለፈ ወጣት ከሴሚስተር ጋር ተዋወቀ። ውጤቱ ካልበቃ ይባረራል፤ የሚመለሰውም ዘመድ አዝማድ ጠላ ጠምቆ ወደሸኘበት መንደር ነው። በሌላም የአፍሪካ ክፍል ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ካናዳዊው የአእምሮ ሐኪም ሬይመንድ ፕሪንስ እ.ኤ.አ. በ1960 ስለ ናይጄርያ ተማሪዎች ሲጽፍ፣ ራስን የማቃጠል ስሜት፣ የዓይን ብዥታና ያነበቡትን መያዝ አለመቻል አንድ ላይ የሚታዩበትን ሕመም የአንጎል ዝለት የሚል ትርጉም ባለው ስም ጠራው። በማኅበር ኑሮ ያደገን ልጅ ለብቻ በሚደረግ ጥናትና ውድድር ውስጥ መጣሉ አንዱ ምክንያት ነው ብሎም ገመተ። ራሱን የቻለ ሕመም ነው ወይስ የጭንቀትና የድባቴ ሌላ መልክ የሚለው ክርክር በኋላ ተነሥቷል፤ ምልክቶቹን ግን በተመላላሽ ክፍላችን ሁላችንም እናውቃቸዋለን።

የሰሜን ሸዋ ልጅ በቅርቡ ዩኒቨርሲቲ ያገኘው ደብረ ብርሃን በ1999 ዓ.ም. ሲከፈት ነው። ይሁንና ምደባው አገር አቀፍ በመሆኑ የዓለም ከተማ ተማሪ በማያውቀው ከተማ ራሱን ሊያገኘው ይችላል። የፈተናውም ጫና አልቀነሰም። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተጓጉዘው እንዲፈተኑ ሲደረግ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመትም 3.2 በመቶ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ተጨመረ። ፈተናው አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ነገር ግን በእነዚያ ዓመታት ከመቶ ዘጠና ስድስቱ ያላለፉት ፈተና በየወረዳው የሚተወውን የሐዘን ስሜት የሚቀበለው ትምህርት ቤቱ ሳይሆን ጤና ጣቢያው ነው።

በአዳማ ዩኒቨርሲቲ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት 21.6 በመቶ፣ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተደርጎ በ2015 በታተመው ደግሞ 40.9 በመቶ የሚሆኑ ተማሪዎች የአእምሮ ጭንቀት ምልክት ታይቶባቸዋል። መጠይቆቹ ምልክት የሚለዩ እንጂ በሽታ የሚያረጋግጡ ስላልሆኑ አሐዞቹን እርስ በርስ ማወዳደር አይገባም። ከአሐዙ ይልቅ ትኩረቴን የሳበው ጎንደር ላይ ከጭንቀቱ ጋር ተያይዘው የተገኙት ነገሮች ናቸው፦ የቅርብ ጓደኛ ማጣት፣ ለተመደቡበት ትምህርት ፍላጎት ማጣት፣ ከጠበቁት ያነሰ ውጤት ማግኘት፣ ጫት መቃም። የቅኔ ቤቱ ተማሪ ጓደኛ ነበረው፣ መምህሩንም ይመርጥ ነበር። አንድ ለአምስት የተባለው የጥናት አደረጃጀት ይህን ጉድለት ሊሞላ ይችል ነበር፤ ግን ከላይ ታዝዞ የመጣ ቡድን መሆኑን ተማሪው ስላወቀ የልቡን አላወጣበትም።

ጫት የአብሾን ቦታ ወስዷል። በውስጡ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚዛመድ ነው፤ ያነቃል፣ የንባብ ሰዓት ያስረዝማል፤ ነገር ግን የተነበበው በአእምሮ የሚጸናበትን እንቅልፍ ይነጥቃል። በፈተና ሰሞን ተማሪው ቀን ይቅማል፣ ሌሊት ያነባል፣ ጧት ልቡ እየመታ ይፈተናል። ከዚያ በኋላ የጨጓራ መድኃኒት ፈልጎ ወደ እኛ ይመጣል።

እንዲህ ያለ ተማሪ ሲመጣ ምን እንደቃመ፣ ስንት ሰዓት እንደተኛ፣ ከማን ጋር እንደሚያጠናና ራሱን ስለመጉዳት አስቦ እንደሆነ መጠየቅ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይወስድም። በድንገት «አበደ» ተብሎ የሚመጣ ወጣት ከሆነ ደግሞ ወደ አእምሮ ሕክምና ከመላኩ በፊት ዓይኑ ይታይ፦ ብሌኑ የሰፋ፣ አፉ የደረቀ፣ ቆዳው የጋለ፣ የልብ ምቱ የፈጠነና ሽንቱ የቆመ እንደሆነ የአስተናግር መመረዝ ሊሆን ይችላል። አስታማሚዎቹን ለብቻ ጠርቶ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በተሰበሰበ ሰው ፊት አብሾ መጠጣቱን የሚናገር የለምና።