የሞተሪኖና የቮላኖ ተደጋጋሚ ብልሽት፦ መንስኤ፣ ምርመራና ጥንቃቄ

ሞተሪኖ ከባትሪ በሚያገኘው ኃይል የተሽከርካሪን ሞተር በማዞር የሚያስነሳ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ቮላኖ ደግሞ በክራንክ ሻፍት ጫፍ ላይ የሚታሰር ከባድ ክብ ብረት ሲሆን ዙሪያውን የጥርስ ቀለበት አለው። ቁልፍ ሲዞር በሞተሪኖው ጫፍ የሚገኘውና ቤንዲክስ የሚባለው ትንሽ ጥርስ ወደፊት ተገፍቶ ከቮላኖው ጥርስ ጋር ይያያዛል። ሞተሩ ተነስቶ ቁልፉ ሲለቀቅም ወደ ቦታው ይመለሳል።

ሞተሪኖ ከተቀየረ በኋላ ተመሳሳይ ችግር ሲመለስ በብዙ አጋጣሚ ሌላ ሞተሪኖ ይገዛል። ይሁን እንጂ የብልሽቱ ምንጭ የተበላ የቮላኖ ጥርስ፣ የላላ ገመድ ወይም የሞተሪኖው የተዛባ አቀማመጥ ከሆነ አዲሱም ዕቃ ብዙ አያገለግልም። ስለሆነም ዕቃ ከመቀየሩ በፊት መንስኤውን መለየት ይገባል።

ድምፅ የሚሰጠው ምልክት

ቁልፍ ሲዞር የሚሰማው ድምፅ የምርመራው መነሻ ነው።

• ተከታታይና ፈጣን የ“ጠቅ ጠቅ” ድምፅ፦ በአብዛኛው የባትሪ መድከምን ወይም የገመድ መላላትን ያመለክታል።
• አንድ ጊዜ ብቻ “ጠቅ” ብሎ ዝም ማለት፦ የሞተሪኖው ማብሪያ (ሶሌኖይድ) መገናኛ ወይም ካርቦን ማለቁን፣ አንዳንዴም የጥርሶች መቆላለፍን ያሳያል።
• ሞተሪኖው በፍጥነት እየዞረ ሞተሩ አለመዞሩ፦ ቤንዲክሱ መንሸራተቱን ወይም ከቮላኖው ጋር አለመያያዙን ይጠቁማል።
• ብረት ከብረት የሚፋጭበት ድምፅ፦ የጥርሶች መበላትን ወይም የሞተሪኖውን መዛባት ያመለክታል።
• ሞተሩ ከተነሳ በኋላም የሞተሪኖው ድምፅ መቀጠሉ፦ ቤንዲክሱ አለመመለሱን ወይም ማብሪያው ተጣብቆ መቅረቱን ያሳያል። በዚህ ጊዜ ሞተሩ ወዲያውኑ መጥፋት፣ ሞተሪኖው መዞሩን ካላቆመም የባትሪው ገመድ መነቀል አለበት።

የምርመራ ቅደም ተከተል

1. ባትሪ። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ ለጥቂት ሰዓታት ሲያርፍ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ባትሪው ተሞልቶ እንደገና ሊፈተሽ ይገባል። በደጋ አካባቢዎች የማለዳ ብርድ የባትሪን ኃይል ስለሚቀንስና የሞተር ዘይትን ስለሚያወፍር ድካሙ አስቀድሞ የሚታየው በጠዋት ነው።

2. ገመዶች። ሞተሪኖው እየዞረ በባትሪው ፖዘቲቭ ራስና በሞተሪኖው ወፍራም ገመድ መታሰሪያ መካከል ያለው ልዩነት ከ0.5 ቮልት መብለጥ የለበትም። በኔጌቲቩ ራስና በሞተሪኖው አካል መካከል ያለው ደግሞ ከ0.3 ቮልት ባይበልጥ ይመረጣል። ከዚህ ከበለጠ የዛገ ወይም የላላ መታሰሪያ ተፈልጎ መጽዳትና መጥበቅ አለበት።

3. ሞተሪኖ። ከመፈታቱ በፊት የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ መነቀል አለበት፤ ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው ወፍራም ገመድ ቁልፍ ቢዘጋም ኃይል አያጣምና። ብሎኖቹ ልል መሆናቸው፣ መቀመጫው ላይ ቆሻሻ ወይም ስንጥቅ መኖሩ፣ ቤንዲክሱ በነጻነት ወጥቶ መመለሱ ይታያል። ከሞተር የሚያንጠባጥብ ዘይት ከፍሪሲዮን ብናኝ ጋር ሲደባለቅ ቤንዲክሱን ያጣብቃል።

4. ቮላኖ። ሞተሪኖው እንደወጣ ሞተሩ በእጅ መፍቻ ቀስ ብሎ እየዞረ ጥርሶቹ በባትሪ መብራት ይታያሉ። መነሻው በጠመኔ ምልክት ተደርጎበት ሙሉ ዙር እስኪጠናቀቅ ድረስ መታየት አለበት።

ሙሉ ዙር ማየት ለምን ያስፈልጋል?

ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ሲጠፋ በሲሊንደሮቹ ውስጥ በሚታመቀው አየር ምክንያት በአብዛኛው የሚቆመው በሁለት ትይዩ ቦታዎች ነው። ባለ ስድስት ሲሊንደር ደግሞ በሦስት ቦታዎች ይቆማል። ቤንዲክሱ ሁልጊዜ የሚመታው እነዚህን ቦታዎች በመሆኑ ጥርሶቹ እዚያው ይበላሉ፤ ሌሎቹ ግን ደህና ሆነው ይቆያሉ። በዚህም ምክንያት ተሽከርካሪው አንዴ ይነሳል፣ ሌላ ጊዜ እንቢ ይላል። በሞተሪኖው ቀዳዳ በኩል የሚታዩትን ጥቂት ጥርሶች ብቻ የተመለከተ መካኒክ ቮላኖው ጤናማ ነው ብሎ ሊደመድም ይችላል። የተበላው ጥርስም አዲሱን ቤንዲክስ ያበላሻል፤ የተበላ ቤንዲክስም በተራው አዲስ ቮላኖን ይጎዳል።

በእጅ ማርሽ በሚሠራ ተሽከርካሪ ቀላል ሙከራ ማድረግ ይቻላል። ሜዳ ላይ፣ ቁልፉ ተዘግቶ፣ አራተኛ ማርሽ ገብቶ ተሽከርካሪው ጥቂት ወደፊት ይገፋል። ከዚያ ማርሹ ወጥቶ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ ሲሞከር ያለ ችግር ከተነሳና ይህም ከተደጋገመ የቮላኖው ጥርስ ሊጠረጠር ይገባል።

ጥገና

የጥርስ ቀለበቱ ለብቻው የሚቀየር ከሆነ አዲሱ በአምራቹ መመሪያ መሠረት በእኩል ሙቀት ግሎ ይገጠማል። ከመጠን በላይ ማጋል የጥርሱን ጥንካሬ ይቀንሳል። የጎደለን ጥርስ በብየዳ መሙላትም ዘላቂ መፍትሔ አይደለም። አውቶማቲክ ካምቢዮ ባላቸው ተሽከርካሪዎች በቮላኖ ፋንታ ስስ የብረት ሳህን ስለሚገጠም በብሎኖቹ ዙሪያ ስንጥቅ መኖሩ መታየት አለበት።

ቮላኖ የሚቀየረው ካምቢዮው ወርዶ ነው። ስለዚህ ፍሪሲዮኑንና የኋላውን የዘይት ማገጃ ጎማ በዚያው ጊዜ መመርመር ድጋሚ ወጪን ያስቀራል። ያገለገለ ሞተሪኖ ሲገዛም የቤንዲክሱ ጥርስ ብዛትና ስፋት ከነባሩ ጋር መመሳሰሉ መረጋገጥ አለበት።

ለአሽከርካሪዎች

• በአንድ ሙከራ ቁልፍ ከ10 ሰከንድ በላይ ባይያዝና እስከሚቀጥለው ሙከራ አንድ ደቂቃ ያህል ቢታገሥ ሞተሪኖው ከመጠን በላይ አይግልም።
• ሞተሩ እየሠራ ቁልፍን ደግሞ ማዞር ጥርሶቹን ይጎዳል።
• ተሽከርካሪን በቁልቁለት እያንከባለሉ ማስነሳትን ልማድ ማድረግ አደገኛ ነው። ሞተር ባልተነሳበት ጊዜ የፍሬንና የመሪ አጋዥ ኃይል ስለሚቀንስ ፍሬን ይጠነክራል፣ መሪም ይከብዳል።
• ጎማን ለመደገፍ የተቀመጠ ድንጋይ ከመንገድ ላይ ሳይነሳ መቅረት የለበትም፤ በተለይ በምሽት ለሌሎች አሽከርካሪዎች የአደጋ ምክንያት ይሆናል።

የተሽከርካሪ ባለንብረት ጥገናውን ሲረከብ የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ መመልከት፣ የባትሪና የገመድ ልኬቱን በጽሑፍ መቀበልና የቮላኖው ጥርስ ሙሉ ዙር መታየቱን መጠየቅ ይገባዋል።