የጠረጴዛ ዳንቴል ከነኪሮሹ
የጥጥ ክር፣ ብረት፤ ነቀምቴ

ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ነቀምቴ ክረምቷ ረጅም ነው፤ ከግንቦት እስከ መስከረም ዝናቡ ከቤት አያስወጣም። ቡና ተፈልቶ እናትና ልጆች ዳንቴል ይዘው ይቀመጣሉ። ሥራው ከመሃል ይጀመራል፦ ጥቂት ሰንሰለት ቀለበት ሆኖ ይዘጋል፣ ከዚያ ዙር በዙር ይሰፋል።

ሹራብ ሲሠራ የረድፉ ቀለበቶች ሁሉ መርፌው ላይ ክፍት ናቸው፤ አንዱ ካመለጠ ወደ ታች ይተረተራል። በኪሮሽ ግን ክፍት የሚቆየው አንድ ብቻ ነው። አስታማሚዎች ሆስፒታል ይዘውት የሚሄዱት ለዚህ ይመስለናል፤ ነርስ ስትጠራ ጥሎ መነሳት፣ በሽተኛው ሲተኛ ካቆሙበት መቀጠል ይቻላል። ሻል ሲለው ደግሞ ራሱ ይቀበላቸዋል፤ ሁለት እጅ የሚደባለቅበት ዳንቴል ብዙ ነው።

የዚህኛውን ጠርዝ ልብ ይበሉ፤ ነጩ ክር በመጨረሻው ዙር ክሬም ሆኗል፣ አሠራሩም ጠበቅ ብሏል።