አልፋ፣ ኦሜጋ እና ሰብለ ወንጌል

በእኛ አገር «አልፋና ዖሜጋ» ሲባል ጆሮ የለመደው የዮሐንስን ራእይ ነው። ደብረ ማርቆስ ሳለሁ በእጅ ስልኬ ያነበብሁት የእንግሊዝኛ የፍቅር ልብ ወለድ ግን ፊደሎቹን ለሌላ ሥራ አውሏቸዋል። ዘርፉን «ኦሜጋቨርስ» ይሉታል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ገደማ የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ወዳጆች ለራሳቸው ይጽፏቸው ከነበሩ ታሪኮች የተወለደ ነው። በዚያ ዓለም ሰው ሁሉ አልፋ፣ ቤታ ወይም ኦሜጋ ሆኖ ይወለዳል። አልፋው ያዛል፤ ኦሜጋዋ ትፈለጋለች፤ ማን ለማን እንደ ተፈጠረ የሚታወቀውም በጠረን ነው። የእኔው መጽሐፍ ደግሞ «ሪቨርስ ሃረም» የሚባለው ዓይነት ስለ ሆነ፣ አንዲትን ሴት ብዙ ወንዶች ይወዷታል፤ እርሷም አንዱን መርጣ ሌሎቹን እንድትተው አትገደድም።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ከጎጃም ጋር ምን አገናኘው ትል ይሆናል። ያገናኘው የትውልድ ደረጃ ነው። በደብረ ማርቆስ አካባቢ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ኋላም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ተተርኮ መጽሐፉን ያልያዘው ሁሉ ሰምቶታል። ሰብለ ወንጌልም ጠያቂ አላጣችም ነበር። አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ግን የመጣውን ሁሉ በዘር አያህለንም እያሉ ሲመልሱ ዕድሜዋ ገፋ። ልቧ የወደደው በዛብህ ደግሞ የድኻ ልጅ ሆነ።

ይህ የደራሲው ፈጠራ ብቻ አልነበረም። በጎጃም ርስት በአባትም በእናትም ወገን ይወረድ ስለ ነበር፣ ዘር መቁጠር ከኩራት አልፎ የመሬት ጉዳይ ነበር። አለን ሆበን ዳሞት ላይ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ እንደሚታየው፣ ሰው የትውልድ ሐረጉን እየቈጠረ ርስት ይጠይቅ፣ ይሟገት ነበር። አጥንት የተባለው ነገር፣ እንግዲህ፣ በሙግት የሚረታና የሚረታበት ነበር። የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ያን መሠረት አነሣው።

የአልፋውም ነገር ከዚህ አይርቅም። ሩዶልፍ ሼንክል እ.ኤ.አ. በ1947 ስለ ተኩላ የጻፈው በአጥር ውስጥ የተያዙትን አይቶ ነው። ዴቪድ ሜክ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ «አልፋ» የሚለውን ቃል ካስፋፉት አንዱ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ግን ራሱ አረመው። በዱር ያለ የተኩላ መንጋ አብዛኛውን ጊዜ ቤተሰብ ነው፤ መሪዎቹም አባትና እናት ናቸው።

ሁለቱም ሥርዓቶች ራሳቸውን ተፈጥሮ ብለው ይጠራሉ፤ አንዱን የሠራው ርስት ነው፣ ሌላውን አጥር። ሐዲስ ይህን የተረዱ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ፍቅረኞቹን አላስታረቁልንም፣ ከጉዱ ካሳ ጋር በአንድ መቃብር አኖሯቸው እንጂ።

አዲሱን ልብ ወለድ የምታነብ ወጣት ግን አትናቅ። የምትሻውን አውቃለሁ፤ ጠያቂው ብዙ ሆኖ፣ እርሷን ሳይጠይቅ የሚመልስ አባት በደጅ የማይቆምባት ቤት ናት። ይህን ሰብለ ወንጌልም ብታገኝ በወደደች ነበር። ቅር የሚለኝ አንድ ነገር ነው፤ አባትየው ከደጅ ሲነሣ፣ ዘር ቆጠራው በጠረን ተመስሎ በጓሮ መግባቱ። ጉዱ ካሳ ቢኖር በመጀመሪያው ገጽ ያውቀው ነበር።