ጓሳን የጠበቀው ማን ነው?

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ቲቸር፣ ያ የቀይ ቀበሮ ማኅበራችሁ እስካሁን አለ?» አለኝ። አለ። አራት ሰው ነን፤ አንድ የኪራይ ክፍል፣ ሁለት ያረጁ ባይኖክላሮች፣ እና መስከረም ላይ የሚያልቅ ገንዘብ አለን። ይህንኑ ነገርኩት። ልጁ ዱሮም ክፍል ውስጥ ዝም አይልም ነበርና «ታዲያ ገንዘቡ ሲያልቅ ተራራውን ማን ይጠብቀዋል?» ብሎ መለሰልኝ።

ለዚህ ጥያቄ በሁለት መስመር መመለስ አልቻልኩም። መልስ ሳስብ ሐሳቤ መንዝ ሄደ፤ ስለዚህ እዚሁ ለሁላችሁም ልጻፈው።

ጓሳን የማታውቁ ካላችሁ፣ ሰሜን ሸዋ መንዝ ውስጥ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተዘረጋ ከ100 ካሬ ኪሎ ሜትር የማያንስ ደጋ ነው። ቀይ ቀበሮ አለበት፤ ጭላዳም በመንጋ ይግጥበታል። ስሙን ያገኘው ግን ከሣሩ ነው። የጓሳ ሣር ቤት ይከደንበታል፤ ገመድ ይገመድበታል፤ የዝናብ ገሳም ይሠራበታል። ጨራንፌው ደግሞ ለማገዶ ነው። በዚያ ብርድ አገር ማገዶ ማለት ምን እንደሆነ ደጋ ያደገ ያውቀዋል።

የመንዝ ሰው የጓሳን ታሪክ ሲያወራ ከአስቦና ከጌራ ይጀምራል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መሬቱን ያቀኑ አባቶች ናቸው ይባላል። የእነሱ ዘር የሆነ ሁሉ በጓሳ ላይ ድርሻ ነበረው፤ ድርሻውንም የሚያስከብረው «ቀሮ» የሚባለው ሥርዓት ነበር። ሕዝቡ በመረጣቸው አለቆች ሥር ጓሳ ለሦስት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ድረስ ይዘጋል። ሣር አይታጨድም፤ ከብት አይገባም። አቅም ያለው ወንድ ሁሉ ለጥበቃ ይወጣል፤ የቀረ ይቀጣል። ሽማግሌዎች ሣሩን አይተው «ደርሷል» ሲሉ በበጋው ይከፈታል፤ ክረምት ሲገባ ተመልሶ ይዘጋል። ቤተ ክርስቲያንም ከኋላው ስለቆመች ሕጉን መጣስ ከሰው ጋር ብቻ የሚያጣላ ነገር አልነበረም።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ በዚህ ሁሉ ውስጥ ቀበሮ የሚል ቃል የለም። ማንም ለቀበሮ ብሎ ጓሳን አልዘጋም። የተዘጋው ለጣሪያ፣ ለገመድና ለክፉ ቀን ግጦሽ ነው። ግን ሣሩ ሲቆም አይጡ ተረፈ፤ ቀይ ቀበሮ ደግሞ ኑሮው በአይጥና በፍልፈል ነው። ቀበሮው በሣሩ ጥላ ኖረ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ብዙ ጊዜ የምንዘለው ነገር አለ። ቀሮን ስናሞግስ ሁሉም ሰው እኩል የተጠቀመበት እናስመስለዋለን። አልነበረም። ከአስቦና ከጌራ ያልተወለደ ሰው ጎረቤት ቢሆንም ድርሻ የለውም። ስለዚህ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅና የርስት ሥርዓት ሲፈርስ፣ የቀሮ መሠረትም አብሮ ተናደ። በዚህ ደስ ያለው ሰው አልነበረም ብላችሁ አታስቡ። እስከዚያ ቀን ከዳር ሆኖ ሲያይ የኖረ ገበሬ ለመጀመሪያ ጊዜ «የኔም ነው» ብሎ ገባ። ፍትሐዊ ነበር። ችግሩ፣ የድሮውን መብት የሻረው አዋጅ የድሮውን ግዴታም አብሮ ሻረው፤ በምትኩም ሌላ ግዴታ አላቆመም። ሁሉም ገባ፤ ጠባቂ ግን ጠፋ። ሣሩም ተጎዳ።

ከደርግ ውድቀት በኋላ የአካባቢው ሰው ጓሳን መልሶ መጠበቅ ጀመረ። በኮሚቴ ተደራጀ፤ የኮሚቴው አባላት ከየቀበሌው ተውጣጡ። የቀሮ መንፈስ አለ፤ የዘር ድርሻው ግን የለም። ለኔ ከታሪኩ ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው፤ የድሮውን እንዳለ አልመለሱትም። ዶ/ር ዘላለም ተፈራ ለዶክትሬታቸው ያጠኑት ይህንኑ የጋራ አስተዳደርና ለቀይ ቀበሮ ያለውን ፋይዳ ነበር። የውጭ ድርጅት ድጋፍ ከዚያ በኋላ መጣ፤ የክልሉ መንግሥትም የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ብሎ በሕግ እውቅና ሰጠው። ቅደም ተከተሉን እዩት፤ መጀመሪያ ሕዝቡ፣ ቀጥሎ ጥናቱ፣ ከዚያ ገንዘቡ።

እኛ በተገላቢጦሽ ነው የገባነው። በመጀመሪያው ዓመት የምንሠራበት ተራራ ላይ ስንወጣ የቀበሮ ፎቶ ያለበት ትልቅ ፖስተር ይዘን ነበር። ለአንድ ሰዓት ያህል ስለ ብርቅዬነቱ አስረዳሁ። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀበሮዎች 500 ገደማ ብቻ ናቸው፤ ያሉትም ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው አልኩ። ስጨርስ አንዲት እናት ተነሥተው «ቀበሮው መልካም፤ ሣሩንስ ማን ያጭደዋል ልትሉ ነው?» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ምክንያቱም ፕሮጀክታችን ውስጥ ስለ ሣር የተጻፈ አንድ መስመር አልነበረም።

ድርጅት አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. ባሌ ውስጥ ዌብ ሸለቆ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ከሸለቆው ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ጨርሷል። ያን በሽታ የሚያመጡት ከሰው ጋር የሚኖሩ ውሾች ናቸው። ሽማግሌ ሣር ሊያስጠብቅ ይችላል፤ ክትባትና ማቀዝቀዣ ግን ከየት ያመጣል? በሺህ የሚቆጠር ውሻ በየዓመቱ እየዞሩ መከተብ በጀት፣ መኪናና ባለሙያ ይፈልጋል። ያ የኛ ዓይነቱ ሰው ሥራ ነው። ጥበቃው ግን የኛ አይደለም፤ እኛ ግን ሁለቱንም ለራሳችን አድርገን ነው የጻፍነው። ለሁለት ዓመት ለጠባቂዎች የቀን አበል ከፈልን። ከዚያ በፊት ተራራውን በነጻ ይዞሩ የነበሩ ሰዎች አሁን አበል ሲዘገይ አይወጡም። በእነሱ አልፈርድም፤ ሥራውን ደመወዝ ያደረግነው እኛው ነን።

እና ለተማሪዬ፣ እውነቱን ልንገርህ፤ መስከረም ላይ ማን እንደሚጠብቀው እኔም አላውቅም። የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባ ጠርተናል። ያቺን የሣር ጥያቄ የጠየቁትን እናት ቀድመው እንዲናገሩ ለምኛቸዋለሁ፤ «አስብበታለሁ» ብለውኛል። የቀረው ገንዘብ ለውሻ ክትባት ብቻ ይውላል። የእንስሳት ሐኪም የሆናችሁ የድሮ ተማሪዎቼ ካላችሁ፣ ጥቅምት ላይ አሥር ቀን የሚሰጠኝ ሰው እፈልጋለሁ። አበል የለም፤ ምሳና ጋቢ አለ።