ቁስሉን ማከም፣ ጠባሳውን መተው

ያረጀ ጊታር የሚያስጠግን ሰው ብዙ ጊዜ የሚለው "አዲስ አስመስልልኝ" ነው። ጥሩ ጠጋኝ ግን ይህን ቃል ይፈራዋል። ጊታሩን አዲስ ለማስመሰል የሚፋቀው ነገር፣ ብዙውን ጊዜ ታሪኩ ራሱ ነውና። ለዚህ የአሜሪካዊው ድምፃዊ የዊሊ ኔልሰን ጊታር ጥሩ ምስክር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1969 ኔልሰን ቴክሳስ ውስጥ ሄሎቲስ በምትባል ከተማ ሥራ ላይ ሳለ፣ አንድ ሰካራም ጊታሩን ረግጦ ሰበረበት። ስብርባሪው ናሽቪል ወደሚገኘው ሾት ጃክሰን ተላከ። ጃክሰን ጊታሩ እንደማይድን ነገረው፤ ሌላ መላ ግን ተገኘ፦ ከሞተው ጊታር ድምፅ የሚቀበለውን ፒክአፕ አውጥቶ፣ ሱቁ ውስጥ ባለ ማርቲን ኤን-20 ላይ መግጠም። ኔልሰን ማርቲኑን ሳያየው በ750 ዶላር ገዛው። በፊልም ዝነኛ በነበረው በሮይ ሮጀርስ ፈረስ ስምም "ትሪገር" አለው። እንግዲህ ይህ ጊታር ከመጀመሪያውም የጥገና ልጅ ነው።

ኤን-20 የናይለን ክር ያለው፣ በጣት እንዲመታ የተሠራ ጊታር ነው። ስለዚህ ፊቱን ከጭረት የሚጠብቅ ሽፋን የለውም። ኔልሰን ግን የሚመታው በፒክ ነው። ዓመታት ሲቆጠሩ ፒኩና ጣቶቹ ስፕሩስ ከሚባለው ለስላሳ እንጨት የተሠራውን ፊት በልተው፣ ከድምፅ መውጫው አጠገብ ሌላ ቀዳዳ ከፈቱ።

እዚህ ላይ ነው የጠጋኙ ፈተና። የኦስቲኑ ጊታር ሠሪ ማርክ ኧርልዋይን ይህን ጊታር ለአሥርተ ዓመታት ተንከባክቦታል። ቀዳዳውን በእንጨት መድፈን ለባለሙያ ከባድ ሥራ አይደለም። አልተደፈነም። ይልቅ ከውስጥ ደጋፊ እንጨቶቹ ተጠናከሩ፣ የሳሳው ፊትም በላከር ቫርኒሽ ተጠበቀ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ክሮቹ ተወጥረው ወደ 40 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ይስባሉ፤ ይህን ሁሉ የሚሸከመው ጥቂት ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሳንቃ ነው። ደጋፊው ከላላ ፊቱ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፤ ጊታሩም ይሞታል። ቀዳዳው ግን ጠባሳ ነው እንጂ ቁስል አይደለም። ፊቱ ላይ ያሉት ከመቶ የማያንሱ የወዳጆች ፊርማዎችም እንዲሁ።

ባለቤቱም የሚሳሳለት ለዚህ ነው። በ1990 የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት በ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ንብረቱን ሲይዝበት፣ ጊታሩ ለሐራጅ እንዳይወጣ ልጁ ወደ ሃዋይ አሽሽታ አስቀመጠችለት። ቤትና መሬት ተመልሶ ይገዛል፤ ያ ድምፅ ግን ከየት ይገዛል?

ገንዘብ እንደማይመልሰው ሌላ የማርቲን ጊታርም ይመሰክራል። "ዘ ሄትፉል ኤይት" ለተባለው፣ በ2015 ለወጣው ፊልም፣ የማርቲን ሙዚየም በ1870ዎቹ የተሠራ ጊታር አውሶ ነበር። በቀረጻው መሀል በቅጂ ሊተካ ሲገባ ሳይተካ ቀረ፤ ተዋናዩም ኦሪጅናሉን ቅጂ መስሎት አላትሞ ሰባበረው። የኢንሹራንስ ገንዘብ ተከፈለ። ጊታሩ ግን ሊጠገን አልቻለም። ኩባንያው ከዚያ በኋላ ለፊልም ጊታር አላውስም አለ።

ከ140 ዓመት በላይ የኖረውን የአንድ አፍታ ስህተት ገደለው፤ በየመድረኩ ሲመታ የኖረውን ደግሞ እንክብካቤ አቆየው። ከዚህ የምንማረው ዕቃን ሰቅሎ ማስቀመጥ ብቻ መጠበቅ እንዳልሆነ ነው። ቤቱ ውስጥ ያረጀ ጊታር ያለው ሰው ወደ ጠጋኝ ሲሄድ "አዲስ አስመስልልኝ" ከማለት "የሚገድለው የቱ ነው?" ብሎ ይጠይቅ። የለቀቀው ይጣበቅ፣ የተጣመመው ይቅና፤ አንድ ሰው ዕድሜ ልኩን ሲጫወት ጣቱ ያሳሳው ቦታ ግን ይተው። ከዚያ ክሩ ተወጥሮ ይመታ። ጊታር የሚኖረው ሲመታ ነው።